ሶፍትዌሩ ሲቀየር ረቂቃችሁ እንዳይበላሽ፦ መጽሐፉን ራሱ ለሚያሳትም ደራሲ

መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ የሚያሳትም ደራሲ አራሚም፣ አከፋፋይም፣ ሻጭም ራሱ ነው። ሶፍትዌር ሲቀየር ደግሞ ወደደም ጠላም የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን ይጠበቅበታል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ካበቃ ወዲህ ብዙ ሰው ወደ አዲስ ኮምፒውተር እየተሻገረ ነው፤ ከዚያ ዓመታት የደከመበትን ረቂቅ ከፍቶ ሲያይ ክው ይላል። አትደንግጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ አልጠፋም። ምልክቱን አይታችሁ ምክንያቱን ካወቃችሁ ይመለሳል።

ፋይሉ ይከፈታል፣ አማርኛው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኗል

ከሁሉም የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩትና ከዚያም በኋላ በየጽሕፈት ቤቱ ለረጅም ጊዜ የቆዩት ፎንቶች፣ እነ ቪዥዋል ግዕዝ፣ እነ ብራና፣ የድሮው ፓወር ግዕዝ፣ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ብቻ ነው። «ለ» ሆኖ የሚታየው ፎንቱ ስላለ ነው። በዚያ ላይ አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ስለነበር ፊደላችን በአንዱ አልበቃ ብሎ ብዙ ጊዜ በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ይከፋፈል ነበር። ሁሉንም መርጣችሁ ፎንቱን ወደ ኒያላ፣ ወደ ዊንዶውሱ የአማርኛ ፎንት፣ ብትቀይሩ የማይስተካከለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጉና ዋናውን አትንኩት። ቀጥሎ የተጻፈበትን ፎንት ስም ዎርድ ላይ እዩ፤ ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ስሙ ይታያል። ፎንቱን አግኝታችሁ ከጫናችሁ ጽሑፉ ተመልሶ ይነበባል። ለዘለቄታው ግን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ለዎርድ ፋይሎች ያዘጋጀው ነፃ መለወጫ አለ፣ ከእሱ ጀምሩ።

አደራ የምለው አንድ ነገር ግን አለ። ከመለወጣችሁ በፊት ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ወይም ኖትፓድ ላይ እንዳትለጥፉት። እዚያ ሲደርስ የፎንቱ መረጃ ይራገፋል፤ ያ ከሄደ የቱ አማርኛ፣ የቱ በመሃል የገባ እንግሊዝኛ እንደሆነ ለመለየት መለወጫውም ይቸግረዋል። ከለወጣችሁ በኋላም መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቡት። በተለይ እነ ሏ፣ ኳ፣ ዟ፣ የጥቅስ ምልክቶቹና ቁጥሮቹ ላይ ስህተት ይበዛል።

ፋይሉ የፔጅሜከር፣ የድሮው የገጽ ቅንብር ፕሮግራም፣ ከሆነ ሌላም እርምጃ አለ። የፔጅሜከር የመጨረሻው እትም፣ 7.0፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የዛሬው የገጽ ቅንብር ፕሮግራም ኢንዲዛይን አይከፍተውም፣ ኢንዲዛይን ሲኤስ 6 ግን ይከፍተዋል። ሲኤስ 6 ያለበት የቆየ ኮምፒውተር ያለው ዲዛይነር ፈልጉና ጽሑፉን አስወጡት።

አራት ነጥቡ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ቀጣዩ መስመር ላይ ይወድቃል

ምክንያቱ አራት ነጥብ ተብሎ የተጻፈው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ስለሆነ ነው። ዓይን አይለየውም፣ ኮምፒውተር ግን ይለየዋል። በአንዱ ፕሮግራም ሳይታወቅ ይቆይና ሶፍትዌር ስትቀይሩ የመስመር አቆራረጡ ሲለወጥ ብቅ ይላል። ዎርድ ላይ ኮንትሮልና ኤች ተጫኑ። መጀመሪያ «፡፡» የሚለውን በ«።» ተኩ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛው ኮለን የተጻፈውን «::» እንደዚሁ ተኩ። መጨረሻ ላይ ከአራት ነጥብ በፊት የገባውን ክፍት ቦታ አጥፉ። ደቂቃም አይፈጅም። እኔ እንደሚመስለኝ ማንኛውም ረቂቅ ወደ ገጽ ቅንብር ከመሄዱ በፊት ይሄን ማለፍ አለበት።

ገጹ በዛ፣ ማውጫውም ተዛባ

በኒያላ የተጻፈ ረቂቅ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ይሄ ይመጣል። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን አማርኛ ካልተጨመረ በቀር በራሱ አይጫንም፣ እና ሌላ ፎንት ይተካበታል። የተካው ፎንት ስፋቱ ስለሚለይ ገጹ ይሸሻል። ነገሩ የመልክ ብቻ አይደለም። መጽሐፍ የሚታተመው በፎርም ነው፣ ማለትም በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አብረው በሚታተሙ ገጾች፣ ብዙ ጊዜ በ16 ገጽ፤ ጥቂት ገጽ ስትተርፍ ሌላ ፎርም ትጠይቃለች፣ ያ ደግሞ ወረቀትና ፕሌት ነው፣ ብር ነው።

ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ የሚለው ጋ ገብታችሁ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶችን ጫኑ። ከዚህ የተሻለው ግን መጽሐፉን ከመጀመሪያውኑ ከዊንዶውስ ጋር ባልተያያዘ ነፃ ፎንት መሥራት ነው፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ። የፎንቱንም ፋይል ከረቂቁ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ማውጫውን በእጅ አትጻፉ፣ የምዕራፍ ርዕሶቹን በስታይል ካደረጋችኋቸው ዎርድ ራሱ ይሠራላችኋል።

ማተሚያ ቤቱ «ፋይሉ አይከፈትም» ይላል

የእናንተ ዲዛይነር አዲስ ኢንዲዛይን ይጠቀማል፣ እነሱ ጋ ያለው የቆየ ነው። ፋይሉን አይዲኤምኤል በሚባለው የኢንዲዛይን መለዋወጫ ፋይል አድርጎ ይስጣችሁ፣ ከሲኤስ 4 ጀምሮ ያለ የቆየ ኢንዲዛይንም ይከፍተዋል። ግን ሲከፈት መስመር ሊንሸራተት ስለሚችል ለኅትመት የሚሄደው ፒዲኤፍ ይሁን። ፒዲኤፉን በአክሮባት ሪደር ክፈቱ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፎንትስ የሚለውን እዩ፤ ከእያንዳንዱ ፎንት ጎን «ኢምቤድድ»፣ ማለትም ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል፣ የሚል ካልተጻፈ አትላኩት።

ኢ-ቡኩ አንዳንድ መሣሪያ ላይ ሳጥን ሳጥን ብቻ ያሳያል

መሣሪያው የአማርኛ ፎንት የለውም። ኢፐቡ፣ ማለትም የኢ-ቡኩ ፋይል፣ ውስጥ ፎንቱን አብራችሁ ክተቱ፤ ከላይ ያልኳቸው ሁለቱም ፎንቶች ፈቃዳቸው ይህን ይፈቅዳል።

ከአፕዴት በኋላ ኪቦርዱ አማርኛ አልጽፍ አለ

የቆየው መጻፊያ ከአዲሱ ሲስተም ጋር አልተግባባም። ኪይማን የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ የአማርኛ ኪቦርድም አለው። ጣታችሁ የለመደው አጻጻፍ ትንሽ ሊለያይባችሁ ይችላል፣ ስለዚህ የመጨረሻ እርማት ላይ እያላችሁ አትቀይሩ። እንዲያውም ከመጨረሻው እርማት እስከ ኅትመት ድረስ ምንም አፕዴት አታድርጉ፣ የዊንዶውሱንም አዘግዩት።

ሁለተኛ እትም ላሳትም ብል የታረመው ጽሑፍ እኔ ጋ የለም

ብዙ ደራሲ ይሄን የሚያውቀው የመጀመሪያው እትም ካለቀ በኋላ ነው፣ በጣም ያሳዝነኛል። የመጨረሻዎቹ እርማቶች የሚገቡት ዲዛይነሩ ኮምፒውተር ላይ፣ ኢንዲዛይን ውስጥ ነው። እናንተ ጋ ያለው የዎርድ ፋይል ስህተቱን እንደያዘ ይቀራል። ዲዛይነሩ ኮምፒውተር ከቀየረ ወይም አገር ከለቀቀ የታረመው መጽሐፍ አብሮት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ክፍያውን ከመጨረሳችሁ በፊት ፒዲኤፉን ብቻ ተቀብላችሁ አትውጡ። ኢንዲዛይን ላይ ፓኬጅ የሚለውን አድርጎ ፎንቱን፣ ሥዕሎቹንና አይዲኤምኤሉን በአንድ ፎልደር ይስጣችሁ። የታረመውንም ጽሑፍ ዎርድ በሚከፍተው የአርቲኤፍ ፋይል አውጥቶ ይጨምርበት። ገና ሥራውን ሳይጀምር ይሄ ስምምነታችሁ ውስጥ ይጻፍ፣ ፍላሹም ሁለት ይሁን፤ አንዱ ቤት፣ አንዱ የምታምኑት ሰው ጋ።