የሞባይል ባንኪንግ የቀን ገደቤን እንዴት አስጨመርኩ

ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ትንሽ የጫማ ሱቅ አለኝ። ዕቃ የማስመጣው ከመርካቶ ነው። ብሩን በስልኬ ልልክ ስል «የቀን ገደብዎን አልፈዋል» ይለኛል። በሁለት ቀን ከፋፍዬ እልካለሁ። ነጋዴው ደግሞ ሙሉው ሳይገባ ዕቃ አይጭንም፤ አልፈርድበትም።

ባንክ ሄጄ ገደቡ ይጨመርልኝ አልኩ። ፎርም ሞላሁ፣ ሳምንት ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። ተመልሼ ሄጄ መስኮቱ ጋ ያለችውን ልጅ «እህቴ፣ ምን ይዞት ነው?» አልኳት። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ፋይዳ መታወቂያዬ ላይ የአባቴ ስም በእንግሊዝኛ በሁለት «ኤስ» ተጽፏል፤ ሒሳቤ ላይ በአንድ። ለካ ጥያቄዬ እዚያው ቆሞ ኖሯል!

መጀመሪያ ስሙን በፋይዳው መሠረት አስተካከለችልኝ። የገደቡን ማመልከቻ ያስገባነው ከዚያ በኋላ ነው። የታደሰ ንግድ ፈቃድና የቲን ቁጥር ኮፒ አያያዝኩ። በቀን ስንት እንደምልክና ለምን እንደሆነም በዝርዝር ጻፍኩ። ይቺን የምክንያት መስመር እንዳትንቋት፤ መጀመሪያ «ለሥራ» ብዬ ብቻ ነበር ያለፍኳት። በማግስቱ ከሰዓት ገደቡ ተጨምሯል የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። ወዲያው ሙሉውን ላክኩ፤ ጫማውም በማታው መኪና ተጫነ።