ጥርስ ልትነቀሉ ስትመጡ ስኳራችሁንና ግፊታችሁን ቤት ትታችሁ አትምጡ

የምሰራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንዲት ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው፣ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ከገላን፣ አንዳንዴ ከዱከም ሁላ በሚኒባስ እየመጡ ጉንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ይቀመጣሉ። «ሌላ በሽታ አለ?» ስንል መልሱ ያው ነው፣ «ኧረ ደህና ነኝ፣ ጥርሴ ብቻ ነው»።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው መደበቅ ነው። በቀደም አንድ ጋሼ ደህና ነኝ ብለው ወንበሩ ላይ ወጡ፣ ግፊታቸው ሲለካ 190 በ115፣ «ጋሼ መድሃኒት ይወስዳሉ እንዴ?» ስላቸው ከኮት ኪሳቸው አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት ኪኒን አወጡ፣ ለካ ከተናገርኩ አይነቅሉልኝም ብለው ነው። እውነትም የዛን ቀን አልተነቀለላቸውም፣ 180 በ110 ከደረሰ አስቸኳይ ያልሆነ ነገር ይቆያል፣ ግን ግፊቱ ተስተካክሎ ሲመጡ ወዲያው አለቀ። ማደንዘዣው ውስጥ እኮ ብዙ ጊዜ አድሬናሊን አለ፣ መጠኑን የምንቀንሰው ካወቅን ነው። አምሎዲፒን ደሞ አንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳብጣል፣ ካልነገራችሁን እኛ ድድ ስናጥብ እንከርማለን።

ሁለተኛው ስኳር ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ መምጣቱ። ጥርስ ሲነቀል አይበላም የሚለውን ማን እንዳወራው እንጃ፣ ድዱ ላይ ብቻ ለሚወጋ ማደንዘዣ አይፆምም። በተለይ ሁዳዴ ላይ ጠዋት ኢንሱሊኑን ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ወረፋ የሚጠብቅ አለ፣ ያልበዋል ይንቀጠቀጣል፣ አጠገቡ ያለው ሰው መርፌ ፈርቶ ነው ብሎ ይስቃል፣ ሲለካ ስኳሩ ከ70 በታች ወርዷል! በልታችሁ፣ መድሃኒታችሁን በሰዓቱ ወስዳችሁ፣ በጠዋት ኑ፣ ቦርሳችሁ ውስጥ ከረሜላም ይኑር። ስኳር ድድን ያበላሻል፣ የተበላሸ ድድም ስኳሩን አልወርድ ያስብላል፣ ስለዚህ ጥርሱ ያለምክንያት የሚነቃነቅ ሰው ስኳሩን ይታይ።

ደም ማቅጠኛ በራስ ማቆም ሌላው ነው። አስፒሪንም ዋርፋሪንም ለአንድ ጥርስ ብለው ብዙ ጊዜ አያቆሙትም፣ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይኤንአሩ (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው የላብራቶሪ ቁጥር) ከ3.5 ካልበለጠ በስፌትና በጎዝ ይያዛል፣ የድድ ደም ይቆማል፣ መድሃኒቱ ተቋርጦ የሚመጣ ስትሮክ ግን ሌላ ነገር ነው። ከነቀላ በኋላ የጎረቤት ሜትሮኒዳዞል (አንቲባዮቲክ ነው) መዋጥም ይቅር፣ ዋርፋሪኑን ያበረታውና ደሙ አልቆም ይላል።

ልብ ላይ ሰው ሰራሽ ቫልቭ የገባላችሁ ከነቀላ በፊት አንቲባዮቲክ ያስፈልጋችኋል፣ በየወሩ የምትወጉት ፔኒሲሊን ለዚህ አይበቃም፣ እንደውም ሐኪሙ ሌላ አይነት ሊመርጥ ስለሚችል መርፌውን ጭምር ተናገሩ። ግፊት ወይ ኩላሊት ያለበት ሰው ደሞ ዳይክሎፍናክ የሚባለውን ማስታገሻ ከፋርማሲ ዝም ብሎ አይግዛ።

የመድሃኒቱ ስም ካልተያዘላችሁ ማሸጊያውን በፌስታል ይዛችሁ ኑ፣ የኤችአይቪም ቢሆን፣ ካርድ ክፍል ሰው ፊት ማውራት ካልፈለጋችሁ ውስጥ ገብታችሁ ለሐኪሙ ብቻ ንገሩት።