የቁፋሮ ሥራ ለምን ያከስራል? ችግርና መፍትሄ

አዲስ አበባ ውስጥ መሠረት የሚቆፍር ትንሽ ተቋራጭ ሲከስር፣ እኔ እንዳየሁት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በሚቆፍረው ማሽን፣ በኤክስካቫተሩ፣ ሳይሆን አፈሩን በሚያመላልሰው መኪና፣ በሲኖትራኩ፣ ነው። ዋጋ ሲሰጥ ዓይኑ ጉድጓዱ ላይ ነው። ብሩ የሚያልቀው ግን መንገድ ላይ ነው።

የመኪናው ምልልስ ካሰብነው በላይ ሆነ

ምክንያቱ ሁለት ነው። የተቆፈረ አፈር ያብጣል፤ እንደ ዓይነቱ ከ20 እስከ 40 በመቶ ይጨምራል። ድንጋይ ከሆነ 50 በመቶንም ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ላይ ፕላኑ ላይ ያለው ልክና የሚቆፈረው ልክ አንድ አይደለም። ፎርምወርክ (ኮንክሪት የሚፈስበትን ቅርጽ) ለሚሠራው ሰው መቆሚያ ያስፈልጋል። ግድግዳውም እንዳይናድ አዘንብሎ መቆረጥ አለበት።

በቁጥር እንየው። ፕላኑ 20 በ15 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ይላል። ይህ 900 ሜትር ኩብ ነው። በአንዴ 16 ሜትር ኩብ ለሚጭን መኪና 57 ምልልስ ይመስላል። አሁን በየጎኑ ግማሽ ሜትር የመሥሪያ ቦታ ጨምሩ። ግድግዳውን በየአንድ ሜትር ጥልቀት ግማሽ ሜትር ወደ ውጭ አዘንብሉት። ቁፋሮው ወደ 1,180 ሜትር ኩብ ይጠጋል። 30 በመቶ ሲያብጥ ደግሞ ከ1,530 ያልፋል። ምልልሱ 97 ሆነ። አርባው ማንም ያልከፈለበት ነው።

መፍትሄው ቁፋሮውንና አፈር ማውጣቱን ለያይቶ መዋዋል ነው። ቁፋሮው መሬት ውስጥ ባለው ልክ ይለካ፤ ማውጣቱ በምልልስ ይቆጠር። የመሥሪያ ቦታውና ተዳፋቱ እንደሚከፈል በጽሑፍ ይስፈር። እባካችሁ፣ ዋጋ ለማሳነስ ተብሎ ግድግዳው ቀጥ ተደርጎ አይቆረጥ። በተለይ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲያገኘው ይናዳል፤ ታች ያለው ሠራተኛ ማምለጫ የለውም።

ማሽኑ ቆሞ ሰዓት ይቆጥራል

የኤክስካቫተሩ ባኬት (አፈር የሚዝቅበት) አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ከሆነ፣ አንድ ሲኖትራክ በ8 ደቂቃ አካባቢ ይሞላል። መኪናው ተጭኖ፣ ደፍቶ እስኪመለስ 90 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። አራት መኪና ብቻ ካላችሁ፣ ማሽኑ ከ90ው ደቂቃ የሚሠራው 32ቱን ነው። ኪራዩ ግን የሙሉው ነው። ማሽኑ ሳይቆም እንዲውል 12 መኪና ይፈልጋል።

ስለዚህ ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት እስከ መድፊያው ድረስ፣ መኪኖቹ በሚሠሩበት ሰዓት፣ ሄዳችሁ እዩት። ከተማው ውስጥ የከባድ መኪና የቀን ገደብ ስላለ ሥራው ወደ ሌሊት ሊገፋ ይችላል። ያኔ መብራቱም የሌሊት አበሉም ይታሰብ። መኪና መጨመር ካልተቻለ አነስ ያለ ማሽን ያዋጣል። ናፍታው በማን እንደሆነ ሳይታወቅም የኪራይ ዋጋ አይወዳደርም።

ከሥር ድንጋይ ወጣ

ሳይታይ ዋጋ ተሰጥቷል ማለት ነው። በሁለት ጥግ እስከ መሠረቱ ጥልቀት ድረስ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር። ከዚያም ኤክስካቫተሩ በባኬቱ ሊያነሳው ያልቻለ፣ ድንጋይ መስበሪያ (ጃክ ሀመር) የሚፈልግ ሁሉ የድንጋይ ዋጋ እንዲከፈለው ተስማሙ።

ገረጋንቲው አልበቃም

ገረጋንቲ፣ ማለትም ለሙሌት የሚነሰነሰው ጠጠራማ አፈር፣ ሮለር ሲያልፍበት ይወርዳል። 20 ሳንቲሜትር ተጠቅጥቆ እንዲቀር 25 ወይም ከዚያ በላይ መነስነስ አለበት። ማስተካከሉን በካሬ፣ ገረጋንቲውን በመኪና አስከፍሉ።

ቤት አፍርሰን ተጣላን

ጠቡ የሚነሳው በበሩ፣ በቆርቆሮውና በብረቱ ነው። የማን እንደሆነ አንድ ቆርቆሮ ከመነሳቱ በፊት ይወሰን። የአፍራሹ ከሆነ ግምቱ ከዋጋው ይቀነስ። የመብራትና የውኃ መስመሩን የሚያስቆርጠው ማን እንደሆነም እዚያው ውል ላይ ይጻፍ።