ከጎጃም ተነሥቶ ለጀርመን የሥራ ፍለጋ ቪዛ መዘጋጀት

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር የተመረቀ መሐንዲስ የሥራ ውል ሳይኖረው ጀርመን ገብቶ ሥራ መፈለግ ከፈለገ፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ የሚሰጠውንና እስከ 1 ዓመት የሚያቆየውን «የዕድል ካርድ» የተባለ የሥራ ፍለጋ ቪዛ መሞከር ይችላል። ዲግሪው በሀገራችን ዕውቅና ያለው መሆን አለበት፤ ቢያንስ የጀርመንኛ ኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) ወይም የእንግሊዝኛ ቢ2 (ከመካከለኛ በላይ ደረጃ) ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ከዚያም አመልካቹ በሥራ ልምድ፣ በቋንቋ፣ በዕድሜና በመሳሰሉት ከሚሰጠው ነጥብ ቢያንስ 6 መሙላት አለበት።

አጥብቄ የምመክረው ግን ስለ ስምና ስለ ቀን ነው። በፓስፖርትና በዲግሪ ላይ የአያት ስም አጻጻፍ ሲለያይ፣ ወይም የትውልድ ዘመን በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር ሲደበላለቅ ማመልከቻው ሊጓተት ስለሚችል፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ኤምባሲ ከመሄድ በፊት ስሕተቱን ሰነዱን በሰጠው ተቋም ማሳረም ብዙ ድካም ያድናል። የኑሮ ወጪን የሚሸፍን ገንዘብም በማስረጃ ይጠየቃል፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል።