ከገንፎው ውስጥ ያለው ስንጥር፦ ላብራቶሪ ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቄ ሃይድሮጂን ማውጣት የጀመርኩ ሰሞን፣ ያገኘሁት የመጀመሪያ ውጤት 124 ከመቶ ነበር። የሰጠሁት ኤሌክትሪክ አንድም ሳይባክን ሃይድሮጂን ቢያወጣ እንኳ፣ ከዚያ በላይ ጋዝ ለክቻለሁ ማለት ነው። እንዲህ የሚባል ነገር የለም። የኤሌክትሪክ መለኪያውን ቀየርኩ። ቱቦዎቹን ፈታትቼ እንደገና ገጠምኩ። ያው 124። በሳምንቱ፣ እዚያ ብዙ ዓመት የሠሩትን ቴክኒሺያን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ መለኪያው ሳይበላሽ አልቀረም።»

«ጋዙን ለስንት አካፈልከው?»

«ለ24። አንድ ሞል ጋዝ በክፍል ሙቀት 24 ሊትር ነው አይደል?»

«የት አገር?» አሉኝ።

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ባህር ዳርቻ ላይ 101 ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ጋዝ ይለጠጣል። እዚህ አንድ ሞል (በኬሚስትሪ የተወሰነ የቅንጣት ብዛት) ጋዝ የሚይዘው 32 ሊትር አካባቢ ነው። ስሌቱን ሳስተካክል 124 የነበረው ወደ 92 ወረደ። ይሄ የሚታመን ቁጥር ነው።

ከዚያ በኋላ የሌሎችን ሥራ ሳነብም የራሴን ስሠራም አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አይወጣም፦ ይሄ ውጤት በእርግጥ ከየት መጣ? ሕክምና ነክ የሴል ምርምር፣ የአንጎል ማነቃቂያ እና የታዳሽ ነዳጅ ኬሚስትሪ የማይገናኙ ይመስላሉ። ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ግን ተመሳሳይ ነው። ያልተጠረጠረ ነገር ሾልኮ ይገባና ውጤት ተብሎ ይቆጠራል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር» የሚባለው ለላብራቶሪ የተነገረ ነው የሚመስለኝ።

መመሪያው የት ሆኖ እንደተጻፈ አለመጠየቅ

ከዚሁ ከከፍታው ልቀጥል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

አውቶክሌቩን፣ በጋለ እንፋሎት ዕቃ የሚያመክነውን መሣሪያ፣ እዩት። መመሪያው «ጠቋሚው 15 ፒኤስአይ ሲደርስ ሙቀቱ 121 ዲግሪ ነው» ይላል። ጠቋሚው የሚያነበው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የውጭው አየር ራሱ ቀላል ከሆነ፣ ጠቋሚው 15 ላይ ሲቆም ውስጥ ያለው እንፋሎት 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። አራት ዲግሪ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ሙቀት የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ስፖሮችን ለመግደል የሚፈጀውን ጊዜ ከእጥፍ በላይ ያስረዝመዋል። ስለዚህ ግፊቱን ሳይሆን ሙቀቱን ተከተሉ። ያላችሁ የግፊት ጠቋሚ ብቻ ከሆነ፣ መሣሪያው እንደሚችል አረጋግጣችሁ ወደ 19 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

የሴል ማሳደጊያ ኢንኩቤተርም እንዲሁ ነው። 5 ከመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲባል፣ የአየሩ 5 ከመቶ ማለት ነው። አየሩ ሳሳ ማለት ጋዙም ሳሳ ማለት ነው። ወደ ሴሉ ምግብ የሚሟሟው ያንሳል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) በ0.1 ያህል ከፍ ይላል። አንዳንድ ሴል ይሄን ይችለዋል። አንዳንዱ ግን እድገቱን ይቀንሳል፤ ተማሪው መድኃኒቱ የሠራ ይመስለዋል። ባህር ዳርቻ ላይ 5 ከመቶ የሚሰጠውን ያህል ለማግኘት አዲስ አበባ ላይ 6.5 ከመቶ አካባቢ ያስፈልጋል። ከመቀየራችሁ በፊት ግን መሣሪያው ለከፍታ ተስተካክሎ እንደሆነ እዩ፣ ከዚያ ፒኤቹን ራሳችሁ ለኩ።

ከጉሎ ወይም ከጃትሮፋ ዘይት ባዮዲዝል የምትሠሩ ደግሞ ይሄን ስሙኝ። ብዙ ጽሑፎች «60 ዲግሪ ላይ አሙቁ» ይላሉ። ከዘይቱ ጋር የሚደባለቀው ሜታኖል ባህር ጠለል ላይ በ65 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ 58 አካባቢ ነው። እንፋሎቱን አቀዝቅዞ የሚመልስ ቱቦ ካልገጠማችሁ ሜታኖሉ እየተነነ ያልቃል። ኬሚካላዊው ምላሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ጥፋቱ ምላሹን በሚያፋጥነው ካታሊስት ላይ ይለጠፋል። ተንኖ የሚወጣው ሜታኖል ደግሞ ለዓይንም ለነርቭም መርዝ ነው። ዘይቱ ውስጥ ውሃ ወይም ብዙ ነጻ አሲድ ካለ ደግሞ የምታገኙት ነዳጅ ሳይሆን ሳሙና ነው፤ አስቀድማችሁ ለኩት።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ስም ማመን

እርሾ አልቆባት ከጎረቤት የተዋሰች ሴት የእርሾውን ዘር አትጠይቅም። ሊጡ ከቦካላት በቂዋ ነው። ሴልም ከላብራቶሪ ወደ ላብራቶሪ የሚሄደው እንደዚያው ነው። «እስቲ ከዚያ የጡት ካንሰር ሴል ቀንሱልኝ» ይባላል፣ በቱቦ ይመጣል፣ ያድጋል። ማን መሆኑን ግን ማንም አላረጋገጠም።

በ1951 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ሄንሪታ ላክስ ከተባለች ጥቁር አሜሪካዊት እናት የካንሰር ሴል ተወሰደ። ፈቃዷን የጠየቀ የለም። በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች። ሴሎቿ ግን ሄላ ተብለው በመላው ዓለም ተሠራጩ። ከቤተ ሙከራ ሴሎች ሁሉ ጎበዞቹ እነሱ ናቸው። አንዲት ጠብታ ሌላ ሳህን ውስጥ ከገባች ባለቤቱን ውጣ ቦታውን ትይዛለች። በ1966 ስታንሊ ጋርትለር የተባለ የዘረመል ተመራማሪ ከተለያዩ ሰዎች ተወሰዱ የሚባሉ ወደ 20 የሚጠጉ የሴል ዘሮችን አንድ ኢንዛይም ፈተሸ። ሁሉም ያንኑ አንድ ዓይነት ያዙ፤ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የሚገኘውን። አንዳንዶቹ ከነጮች ተወሰዱ የተባሉ ነበሩ። ሳህኖቹን ሄላ ወርሳቸዋለች ማለት ነው።

ያለፈ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ኤምዲኤ-ኤምቢ-435 የሚባለው ሴል ለብዙ ዓመት የጡት ካንሰር እየተባለ ሲጠና ቆይቶ፣ ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ሴል ሆኖ ተገኘ። ማንነታቸው የተሳሳተ ሴሎች ዓለም አቀፍ ዝርዝር ዛሬ ከ500 በላይ ስሞች አሉት። መፍትሔው ኤስቲአር የሚባለው የዲኤንኤ አሻራ ምርመራ ነው። ሴሉ እንደመጣ አሠሩት። አስመርምራችሁ ብዙ ቱቦ አቀዝቅዙ፤ በየጥቂት ወሩም ከዚያው አዲስ ቱቦ አውጡ። ሌላው ቢቀር፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ አለ የለም የሚለውን እዩ። ይሄ ገንዘብ አያስወጣም።

ማይኮፕላዝማ የሚባል ሌላ ጠላትም አለ። በጣም ትንሽ ባክቴሪያ ነው፤ በተለመደው ማጥለያ ሾልኮ ያልፋል። የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም። ምግቡን አያደፈርሰውም፣ በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም። ሴሉ ይኖራል፣ ባሕርይው ግን ይለወጣል። እኔ በዚህ የሁለት ወር ሥራ ጥያለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። በየወሩ ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳየው በፒሲአር መርምሩ። አዲስ የመጣ ሴል ውጤቱ እስኪታወቅ ለብቻው ይቀመጥ።

ያገኙት ነገር ከየት እንደመጣ ሳያጣሩ መደሰት

በነዳጅ ኬሚስትሪ ውስጥ የዚህ ስህተት ትልቁ ምሳሌ አሞኒያ ነው። አሞኒያ ማዳበሪያ ነው፣ ሃይድሮጂን ተሸካሚ ነው፣ ለመርከብ ነዳጅነትም ታስቧል። ዛሬ የሚመረተው በሀበር-ቦሽ ዘዴ ነው፤ ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከፍተኛ ግፊት ይፈልጋል። ከአየርና ከውሃ፣ በፀሐይ ኤሌክትሪክ፣ በክፍል ሙቀት ቢሠራስ? ይሄ ትልቅ ሕልም ነው፤ እኔም ከልቤ የምመኘው።

ችግሩ፣ እንዲህ ያሉ ሙከራዎች የሚሰጡት አሞኒያ እጅግ ጥቂት ነው። አሞኒያ ደግሞ በክፍሉ አየር ውስጥ አለ። በትንፋሻችን አለ። በጓንታችን ላይ አለ። ካታሊስቱ የተሠራበት ጨው ናይትሬት ከነበረው፣ ከዚያም ይወጣል። ሰው ከራሱ ጓንት የመጣውን አሞኒያ ለክቶ «ናይትሮጂንን ሰበርኩ» ሊል ይችላል። በ2019 የዴንማርክ፣ የስታንፎርድና የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ጥብቅ የማጣሪያ ሥርዓት አወጡ። ራሳቸው ሲሞክሩት በቁጥር ተረጋግጦ የቆመላቸው በሊቲየም የሚሠራው ዘዴ ነበር። ዋናው መፈተኛ ናይትሮጂን-15 ነው። ከባዱን ናይትሮጂን ትሰጣላችሁ፤ የሚወጣው አሞኒያም ከባዱን መያዝ አለበት። ካልያዘ የእናንተ አይደለም። ይሄም ጋዝ ከነጠርሙሱ አሞኒያ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል አስቀድሞ ይጣራ። ናይትሮጂን-15 ውድ ነው፣ አውቃለሁ። በአርጎን ብቻ፣ ያለ ናይትሮጂን፣ እና ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ መድገም ግን ሁላችንም የምንችለው ነው።

ውሃ ስትሰነጥቁም ተጠንቀቁ። የኒኬል ኤሌክትሮድ ኦክስጅን በማውጣት ጎበዝ ነው ሲባል ኖሯል። አብዛኛው ጉብዝና ግን የብረት ነው። የፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ ውስጥ ያለች ኢምንት የብረት ቅሪት ኒኬሉ ላይ ትገባለች፤ ይሄ በ1987 ተጽፏል። ከዓመታት በኋላም ፈሳሹን ከብረት አጥርተው ሲለኩት፣ ንጹሁ ኒኬል ደካማ ሆኖ ተገኘ። በሌላኛው ወገን ደግሞ ፕላቲነም አለ። እንደ ተቃራኒ ኤሌክትሮድ ስትጠቀሙበት በጥቂቱ ይሟሟና ተጉዞ የእናንተ ርካሽ ካታሊስት ላይ ያርፋል። ከዚያ ርካሹ ካታሊስት «እንደ ፕላቲነም ይሠራል»። ግራፋይት ተጠቀሙ፣ ወይም ሁለቱን ኤሌክትሮዶች በሜምብሬን (በስስ ሽፋን) ለዩ።

ሦስት ጉድጓድን ሦስት ሙከራ ብሎ መቁጠር

በአንድ ሳህን ላይ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጠርሙስ ሴል የተሞሉ ሦስት ጉድጓዶች አንድ ሙከራ ናቸው። የነገሩን ልዩነት አይነግሯችሁም፤ የሚነግሯችሁ እጃችሁ ፒፔት ላይ ምን ያህል እንደማይዛነፍ ብቻ ነው። ሦስት ማለት ሦስት የተለያየ ቀን፣ ሦስት ጊዜ ተዘርቶ ነው። ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ ደግሞ ዳር ዳሩ ቶሎ ይተናል። ማነጻጸሪያውን በሙሉ ዳር፣ መድኃኒቱን በሙሉ መሃል አታድርጉ።

አንጎልን ነካሁ ብሎ ቆዳን መንካት

በራስ ቆዳ ላይ እስከ 1 ሚሊአምፔር በመስደድ የአንጎልን ንቃት መለወጥ እንደሚቻል በ2000 ኒቼ እና ፓውሉስ ከጎቲንገን ጽፈው ነበር። መሣሪያው ርካሽ ስለሆነ ብዙዎች ገቡበት። ግን አብዛኛው ኤሌክትሪክ አንጎል አይደርስም፤ በቆዳው በኩል ይዞራል፣ የራስ ቅሉም ያግደዋል። ኤሌክትሮዱ የሚቀመጥበትን ስፖንጅ በጨው ውሃ አብዝታችሁ ካራሳችሁ፣ የሚንጠባጠበው ውሃ ሁለቱን ኤሌክትሮዶች በግንባር ላይ ያገናኛቸዋል። ያኔ ያነቃቃችሁት ግንባር ነው። ስፖንጁ እርጥብ ይሁን እንጂ ሲጨመቅ አያንጠብጥብ።

ሁለተኛው፣ ሰው ቆዳው ሲያሳክከው «እየተሠራልኝ ነው» ብሎ ያስባል፤ ይሄ ብቻውን ስሜቱን ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ የማስመሰያ ቡድን ያስፈልጋል። ለእነሱ ኤሌክትሪኩ ለ30 ሰከንድ ያህል ይሰጥና ቀስ ብሎ ይጠፋል። ያም አይበቃም። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱን «እውነተኛው የደረሰዎት ይመስልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ከውጤቱ ጋር አውጡት። ባርከር ሼፊልድ ላይ በ1985 ያሳየው የማግኔት ማነቃቂያ ደግሞ በእያንዳንዱ ምት ጮክ ብሎ ቀጭ ይላል። ለሁሉም ተሳታፊ የጆሮ መከላከያ ስጡ። የሚጥል በሽታ ያለበትን ወይም ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ያለውን ሰው ሐኪም ሳያየው አታስገቡ።

ሦስተኛው ስለ ፀጉር ነው፤ ይሄኛው ወደ ልቤ የቀረበ ነው። ስፖንጁም የአንጎል ሞገድ መለኪያ ኤሌክትሮዱም የተሠሩት ለለስላሳ ፀጉር ነው። ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ወይም ሹሩባ ሲያጋጥም መሣሪያው ቆዳ አይነካም፤ ከዚያ «መረጃው ጥራት የለውም» ተብሎ ሰውየው ይወጣል። እንዲህ እየሆነ የእኛ ዓይነት ሰዎች ከጥናቱ ይጎድላሉ። በ2020 ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሥራ፣ ፀጉሩን እንደ ሹሩባ ከፋፍሎ መሥራትና በመስመሮቹ መሃል የሚቀመጥ ኤሌክትሮድ መጠቀም ንባቡን እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ሹሩባ የሚያውቅ እጅ ላለው ላብራቶሪ ይሄ ከባድ አይደለም። ለተሳታፊዋ አንድ ቀን አስቀድማችሁ ደውሉላት፣ ፀጉሯን እንዴት አድርጋ እንደምትመጣ ተነጋገሩ፣ ሰዓትም ጨምሩ።

ያልሠራውን አለመጻፍ

በ2012 ቤግሊ እና ኤሊስ፣ አምጀን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ከ53 ታዋቂ የካንሰር ምርምሮች መድገም የቻለው 6ቱን ብቻ እንደነበር ጻፉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ቀላል ነው፤ የሠራችው አንዷ ቀን ትጻፋለች፣ ያልሠሩት አምስት ቀናት ይረሳሉ። ሁሉንም ጻፉ። ቀኑን፣ የጠርሙሱን ቁጥር፣ መብራት የጠፋበትን ሰዓት። ማታ ጠፍቶ የመጣ መብራት ፍሪዘሩን አቅልጦ መልሶ እንደሚያቀዘቅዝ አትርሱ። አንድ ስኒ ውሃ አቀዝቅዛችሁ በረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ጠዋት ሳንቲሙ ከሰመጠ፣ ኢንዛይማችሁ ሌሊቱን ቀልጦ አድሯል።

የእኚያን ቴክኒሺያን ደብተር በኋላ አይቼዋለሁ። ከእያንዳንዱ ቀን ራስጌ፣ ከሥራው ሁሉ በፊት፣ ሁለት ቁጥር አለ፤ የክፍሉ ሙቀትና የአየሩ ግፊት።