«ሰልዊ» የት ጠፋ? የፈረንሳይኛ አመልካች ተውላጠ ስሞች ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ቃሉ ጭራሹን ይቀራል

«የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ከአዲስ አበባው ይቀድማል» ለማለት የፈለገ ተማሪ «ላ ጋር ደ ድሬዳዋ ኤ ፕሉ ዛንሲየን ከ ዳዲስ አበባ» ይላል። («ዳዲስ» ማለት «ደ» እና «አዲስ» ተዋህደው ነው፤ «ደ» የእኛ «የ» ናት። የማነጻጸሪያው «ከ» ከእኛው «ከ» ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው።) ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ከዚህ «ከ» በኋላ አንድ ቃል ይጠብቃል፤ አያገኝም።

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። «ከአዲስ አበባው» ስንል «ጣቢያ» የሚለውን ስም ትተነዋል፤ ቦታውን የያዘችው መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» ናት። «የ» እንኳን ከ«ከ» በኋላ ስለምትዋጥ አትታይም። ይህን ሁሉ ሳናስተውል በየቀኑ እንናገረዋለን። ፈረንሳይኛ ግን እንዲህ ያለ ቅጥያ የለውም። የተተወውን ስም የሚተካ ራሱን የቻለ ቃል ይፈልጋል፦ ለአንድ ወንዴ ስም «ሰልዊ»፣ ለአንድ ሴቴ «ሴል»፣ ለብዙ ወንዴ «ሶ» (ከንፈርን አሹሎ «ሴ» እንደማለት)፣ ለብዙ ሴቴ ደግሞ እንደገና «ሴል»፤ ከነጠላው የሚለየው በአጻጻፍ ብቻ ነው።

መፍትሄው ከአማርኛው ይጀምራል። የተተወውን ስም በልብዎ ይመልሱት፦ «ከአዲስ አበባው ጣቢያ»። ጣቢያ «ላ ጋር» ነው፤ ለገሃር የሚለው የሰፈር ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። «ላ» ሴቴ መሆኑን ይነግረናል። እንግዲህ «ከ ሴል ዳዲስ አበባ» ይሆናል። ነገሩም እውነት ነው፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው።

«የሚናገረው» ለማለት «ኪ ፓርል» ብሎ ማቆምም ከዚሁ የሚመጣ ስህተት ነው፤ «ሰልዊ ኪ ፓርል» ይባላል። «የምትለው አልገባኝም» በሚለው ውስጥ ግን የተተወ ስም ስለሌለ ፆታ የሌለውን «ሰ» እንጠቀማለን፦ «ዠ ነ ኮምፕራን ፓ ሰ ከ ቱ ዲ»። «ሰ»ን ረስቶ «ከ ቱ ዲ» ማለት ብዙ ጊዜ የምሰማው ስህተት ነው፤ ተማሪዎቼን ከሁሉ አስቀድሜ የማርመውም ይህንኑ ነው።

ችግር፦ «ሰልዊ» ብቻውን ይቆማል

ዳቦ ቤት ገብተው በጣትዎ እያመለከቱ «ይህን እፈልጋለሁ» ለማለት «ዠ ቩ ሰልዊ» ቢሉ፣ ሻጩ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ እየጠበቀ ያይዎታል። የእኛ «ይህ» ከስም ጋርም («ይህ ዳቦ») ያለ ስምም («ይህን ስጠኝ») ይሠራል። ፈረንሳይኛ ሁለቱን ይለያል፤ ከስም ጋር «ሰ ፓን»፣ ያለ ስም «ሰልዊ-ሲ» ወይም «ሰልዊ-ላ» ይላል። ከ«ሰልዊ» ኋላ ከሦስት አንዱ መኖር አለበት፦ «ሲ» (እዚህ) ወይም «ላ» (እዚያ)፣ «ደ» ከነስሙ፣ ወይም እንደ «ኪ» እና «ከ» ያለ አያያዥ። ያመለከቱት ባጌት ከሆነ ደግሞ ሴቴ ነውና «ሴል-ላ» ይበሉ።

ችግር፦ ፆታው ይሳሳታል

በአማርኛ ግዑዝ ነገርን ስናቆላምጥ ወይም ስናሳንስ ካልሆነ በቀር በአብዛኛው በወንድ እንጠራለን፤ «እነዚህ» ደግሞ ፆታ አይለይም። ስለዚህ አፋችን ሁሉንም ወደ «ሰልዊ» እና «ሶ» ይወስደዋል። አዲስ ስም ሲያጠኑ ከነ«ለ» (ወንዴ) ወይም ከነ«ላ» (ሴቴ) ይያዙት። ሌላ አቋራጭ የለም።

ችግር፦ ሰውን «ሳ» ማለት

«ሳ» («ይህ»፣ «ያ») ለነገርና ለሐሳብ ነው፤ «ሳ ማርሽ» ማለት «ይሠራል» ነው። ሰውን እያመለከቱ «ሳ» ማለት ግን ንቀት ይመስላል፤ ተማሪው ሳያስበው ሰው ያስቀይማል። ወንድምዎን ሲያስተዋውቁ «ሴ ሞን ፍሬር» ይበሉ፤ ይህ «ሴ» «ሰ» እና «ኤ» («ነው») ተዋህደው ነው። ሥራውን ሲናገሩ («ሐኪም ነው») ደግሞ «ኢል ኤ ሜድሳን» ወይም «ሴ ታን ሜድሳን» ይላሉ። ሁለቱን አደባልቆ «ኢል ኤ ታን ሜድሳን» ማለት ስህተት ነው፤ በ«ታን» ውስጥ ያለው «አን» («አንድ») ከገባ «ኢል» ለ«ሰ» ቦታውን ይለቅቃል።