ሒሳቡ ለብቻ፣ ጉርሻው ለብቻ፦ ምግብ ስታስመጡና ራይድ ስትጠሩ

ደብረ ብርሃን ላይ ምግብ የማስመጣው በሁለት ስልክ ነው። አንዱ ለምግብ ቤቱ፣ ሌላው ለማውቀው ባለ ባጃጅ። አዲስ አበባ ስሄድ ደግሞ ላምበረት መናኸሪያ ወርጄ ራይድ እጠራለሁ። የምሠራው ፋርማሲ ነው። ተረኛ በሆንኩበት ማታ ምድጃ ፊት የምቆምበት አቅም የለኝም። ጓደኞቼ "ጉርሻ ስንት ይሰጣል?" እያሉ ይጠይቁኛል። ስንት የሚለው ቀላሉ ነው። የሚያጣላው ሒሳቡና ጉርሻው ሲደባለቁ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ዋጋ ቁረጡ። "ምግብ ቤቱ ጋ ሄደህ፣ ጠብቀህ፣ ጠባሴ ሰፈር ታደርስልኛለህ፤ ስንት?" በሉት። "ጠብቀህ" የምትለዋን አትዝለሏት። ጥብስ ከታዘዘ በኋላ ነው ሥጋው የሚከተፈው። ባለ ባጃጁ እዚያ ቆሞ በሚጠብቅበት ጊዜ ስንት ሰው ያመላልስ ነበር። ብዙዎቹ ደግሞ ባጃጁ የራሳቸው አይደለም፤ ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባሉ። "አንቺ እንዳልሽ፣ እህቴ" ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ጨዋነቱ ነው፤ በር ላይ ስትገናኙ ግን እሱ ያሰበውና እናንተ ያሰባችሁት ይለያያል። "አንተው ጥራ" በሉት።

"ጉርሻ አለህ" እያሉ ዋጋ የሚያስቀንሱ አሉ። እሱን ተዉት። ልጁ ይህን ስንቴ ሰምቶ ባዶ እጁን ተመልሷል።

የምግቡን ሒሳብም እናንተው በቴሌብር ወይም በባንክ ለምግብ ቤቱ ላኩ። ባለ ባጃጁ ከኪሱ እንዲከፍልላችሁ አታድርጉ። ትልቅ ኖት ይዞ የሚጠብቅ ደንበኛም አለ። የ200 ብር ኖት በ2013 ከመጣ ወዲህ "ዝርዝር የለኝም" የሚለው ቃል በዝቷል። እኔ አስርና ሃምሳ ብሮችን በር አጠገብ ባለ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጣለሁ። መልስ ስለጠፋ ብቻ "ያዘው" ማለት ጉርሻ አይባልም፤ ልጁም ያውቀዋል።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ውርጩ ጣት ይቆርጣል። የባጃጁ ሸራ ቢወርድም ነፋሱ ይገባል፤ ምግቡ ቤት እስኪደርስ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ምሳ ዕቃዬን አስቀድሜ እሰጠዋለሁ። አንድ ማታ የመጣው ልጅ ምሳ ዕቃውን በጋቢው ጠቅልሎ እግሩ መሃል አስቀምጦት ነበር። ክዳኑን ስከፍተው የሽሮው እንፋሎት ፊቴን መታኝ። እንጀራው እንዳያልበው የፌስታሉን አፍ ከፍቶ ለብቻው ይዞታል። ማንም አላዘዘውም። ከለመድኩት እጥፍ ሰጠሁትና "ስለ ጋቢው ነው" አልኩት። ሳቀ። ለምን እንደሰጣችሁ ስትነግሩት በሚቀጥለውም እንዲሁ ያደርገዋል።

የኔ ልክ ይህ ነው። በደህና ቀን ሃያ፣ ሠላሳ ብር። ዝናብ፣ ሌሊት ወይም ጭቃ ካለ ከሃምሳ ጀምሮ። በመቶኛ አላሰላም። ለክትፎም ለሽሮም የሚሄደው መንገድ አንድ ነው። የባጃጅ የሰዓት ገደብ ባለበት ሰሞን ግን ምንም ያህል ጉርሻ ብትጨምሩ ሰው እንዳታስቸግሩ። ቶሎ እዘዙ፣ አለዚያ ቆሎ ብሉ።

አዲስ አበባ ነገሩ ሌላ ነው። ራይድ ላይ ዋጋውን የሚያሰላው አፑ ነው፤ ርቀቱንና ጊዜውን ይቆጥራል። ስማርት ስልክ ለሌላት እናቴ 8294 ደውዬ አስጠራለሁ። ላምበረት ላይ ሾፌሩ ደውሎ "የት ጋ ነሽ?" ሲላችሁ "መናኸሪያው በር" አትበሉ፤ ሁሉም ሰው እዚያ ነው። ሻንጣችሁን ይዛችሁ ከግርግሩ ራቁና የቆማችሁበትን ሱቅ ወይም ባንክ ስም ንገሩት። ሰሌዳውን ሳታዩ አትግቡ።

"ከአፑ ላይ ትንሽ ትጨምሪልኛለሽ?" ገና ሳይነሳ ከመጣ፣ እሱ ሌላ ዋጋ ነው። ካልተስማማችሁ ሰርዛችሁ ሌላ ጥሩ። እኔ ጉርሻ የምሰጠው ወርዶ ዕቃ ለሚያነሳልኝ ነው። ከሸዋ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ቅቤው፣ ባቄላው፣ የሽሮ እህሉ ጆንያ ይሞላል። ያንን ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስገብቶ በር ድረስ ላደረሰ ሃምሳ ብር ከልብ ነው። በግ ከያዛችሁ ግን አስቀድማችሁ ደውላችሁ ንገሩት። የመንዝ በግ መኪና ውስጥ የሚያደርገውን ጉርሻ አይሽረውም።

ሾፌሮች ጉርሻውን በቴሌብር ብትልኩላቸው ይወዳሉ። ከ2015 ወዲህ ነዳጅ የሚቀዳው በስልክ ክፍያ ነው፤ የላካችሁት በቀጥታ ወደ ነዳጁ ይገባል። መልእክቱ ሳይደርሰው ግን አትውረዱ። ኔትወርክ ሲቆም ተካሳሽ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ።

በሞተር ምግብ የሚያደርሱ ልጆች ደግሞ አሉ። ደረሰኙ ላይ 15 በመቶ ቫት ይኖራል፣ አንዳንድ ቦታ የአገልግሎት ተብሎ 10 በመቶ ይጨመራል። ከዚያ ላይ በር ላይ ለቆመው ልጅ ምን እንደሚደርሰው ደረሰኙ አይነግራችሁም። በእጁ ስጡት። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሆነ ቤታችሁ፣ ወይ ውረዱ ወይ ለደረጃው ጨምሩ።

ምግቡ ቢዘገይስ? ወጥ ቤቱ ካዘገየው ልጁ አይቀጣ። መሃል ላይ ሌላ ሰው ጭኖ ዞሮ ከመጣ ግን ሒሳቡን ከፍዬ ዝም እላለሁ። ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

በእኛ አገር "አይ፣ ይበቃል" ብሎ እጁን የሚሰበስብ ብዙ ነው። አንዴ ድገሙት፤ ከዚያ አታጨናንቁት፣ ካርድ ሙሉለት። ከምግቡ ልታካፍሉት ካሰባችሁ ረቡዕና ዓርብ መሆኑን እዩ። ጥብሱን ሲያሸት መጥቶ እሱ ግን ጾመኛ ሊሆን ይችላል። በብርድ ከሆነ ሻይና ዳቦ ይሻለዋል። ሻዩን በፕላስቲክ ስኒ ስጡት፤ ስኒ እስኪመልስ በር ላይ አታቁሙት፣ ሌላ ደንበኛ እየደወለለት ነው።